ቡቃያው በየቦታው ቢጫ ሲሆን

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ክረምቱ በሐምሌ ይበረታል። ማሳው ሁሉ አረንጓዴ ይለብሳል። ታዲያ አንዳንድ ጊዜ በአረንጓዴው መካከል ቢጫ ቦታ ይታያል። አንዱ እንደ ምጣድ ክብ ነው። ሌላው እንደ መቀነት ረጅም ነው። ገበሬው ቆሞ ያያል። «ቡቃያዬን ምን ነካብኝ?» ይላል። የዛሬው ንባባችን ስለዚህ ቢጫ ቦታ ነው።

እኛ ለማስተማር የመጣን ተማሪዎች ነን። እርሻን የምናውቀው ከመጽሐፍ ነበር። ስለዚህ ትምህርቱን የምንጀምረው ከራሳችን ስሕተት ነው።

አንድ ማታ ከትምህርት በፊት አንድ አያ ገሳቸውን በር ላይ አስቀምጠው ገቡ። በእጃቸው አንድ ጭብጥ የስንዴ ቡቃያ ይዘዋል። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኗል። «እናንተ የተማራችሁ ልጆች፣ እስቲ ይህን እዩልኝ» አሉን። በኩራዝ ብርሃን አገላብጠን አየነው። ከመካከላችን አንዱ «ናይትሮጅን አንሶት ነው፤ ዩሪያ ይበትኑበት» አለ። ሌሎቻችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ማሳው ድረስ ሄዶ ያየ ግን ከእኛ አንድም አልነበረም።

አያ ለጤፋቸው ብለው በዱቤ የገዙት ግማሽ ኩንታል ዩሪያ ነበራቸው። ከዚያ ላይ 25 ኪሎ አንሥተው ስንዴው ላይ በተኑ። ሁለት ሳምንት አለፈ። ቢጫው አልቀነሰም። እንዲያውም ሰፋ፤ መካከሉም መበስበስ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው እኛ ወደ ማሳቸው የሄድነው። ቦታው ከተረተር ግርጌ ያለ ዋልካ ነው። ስንረግጠው እግራችን እስከ ቁርጭምጭሚት ሰመጠ። በዶማ አንድ ስንዝር ብንቆፍር ጉድጓዱ ወዲያው ውኃ ሞላ። ቡቃያውን ከነሥሩ ብናወጣው ሥሩ ጠቁሯል፤ እንደ ረግረግ ጭቃ ይሸታል።

ስንዴው ርቦት አልነበረም። ውኃ አፍኖት ነበር። እኛ ደግሞ ለታፈነ ሰው ምግብ አዘዝን።

አያ አልተቆጡንም። «ልጆቼ፣ በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት የሚሰጥ ሐኪም አለ እንዴ?» ብቻ አሉን። የዱቤው ዕዳ ግን የእሳቸው እንጂ የእኛ አልነበረም። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

ቢጫ ማለት ምን ማለት ነው?

ቅጠል አረንጓዴ የሚሆነው በውስጡ አረንጓዴ ቀለም ስላለው ነው። ተክል በዚህ ቀለም የፀሐይን ብርሃን ይይዛል። በብርሃኑ ከአየርና ከውኃ ምግቡን ያዘጋጃል። ቀለሙን ለመሥራት ናይትሮጅን የሚባል ምግብ ከአፈር ይወስዳል። ብረትና ድኝም ጥቂት ጥቂት ይፈልጋል። ሥሩ ደግሞ እንደ እኛ ይተነፍሳል። አየር ካላገኘ ከአፈር ምግብ መሳብ ያቅተዋል። ስለዚህ አፈሩ ምግብ ቢያንሰው ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። ምግቡ ሞልቶ ሥሩ ቢታመምም ቢጫ ይሆናል። ትል ቢቆርጠውም ቢጫ ይሆናል።

ቢጫነት እንደ ትኩሳት ነው። ትኩሳት በወባ ይመጣል፤ በተስቦ ይመጣል፤ በቁስልም ይመጣል። ትኩሳቱን ብቻ አይቶ «ወባ ነው» የሚል ሰው አንዳንዴ ይሳካለታል፤ ብዙ ጊዜ ግን ይሳሳታል።

ነገሩ በማሳ ብቻ አይደለም። ጤፍም፣ ገብስም፣ ስንዴም የሣር ወገን ናቸው። በከተማ ለውበት የሚተከለው ሣርም እንዲሁ ይታመማል። በተማርንበት ግቢ አዲስ ሣር ተተክሎ ነበር። በወሩ እዚህም እዚያም ቢጫ ሆነ። አትክልተኛው «ጠምቶት ነው» ብለው ጠዋት ማታ ውኃ አጠጡት። አልዳነም። በመጨረሻ ቢቆፍሩት ከሥሩ የግንበኛ ፍርስራሽ ተገኘ፤ ጠጠር፣ የሲሚንቶ ስብርባሪ፣ ጥቂት አፈር። ሥሩ የሚሄድበት መንገድ አልነበረውም። ይህን ታሪክ ስንነግራቸው አያ ሳቁ። «ለካ ከተሜም ሳይቆፍር ያክማል» አሉ።

መጀመሪያ ከላይ እዩ

ቢጫውን ከመንካታችሁ በፊት ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቁሙ። የቢጫውን ቅርጽ ተመልከቱ። ቅርጹ ብዙ ይናገራል።

ቢጫው ውኃ በሚተኛበት ዝቅተኛ ቦታ ብቻ ከሆነ ውኃን ጠርጥሩ። ጎርፍ አፈሩን ባጠበው ገላጣ ተረተር ላይ ከሆነ የአፈር ምግብ ማነስን ጠርጥሩ። አንድ መስመር አረንጓዴ፣ አንድ መስመር ቢጫ እየሆነ የሚሄድ ከሆነ ማዳበሪያ የበተነው እጅ እኩል አልበተነም ማለት ነው። ይህ በሽታ አይደለም። ትንሽ ክብ ቦታ መካከሉ ተቃጥሎ ዙሪያው ከሌላው ይልቅ የጠቆረ አረንጓዴ ከሆነ ከብት ሸንቶበት ነው። ሽንት ናይትሮጅን አለው፤ ሲበዛ ያቃጥላል፤ ሲመጠን ያለመልማል። እሱን ተዉት፤ በራሱ ይድናል።

ሌላም ምልክት አለ። በቢጫው ማሳ ውስጥ ለምልሞ የቀረ ቦታ ካለ «እዚህ ድሮ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ፍግ የተከመረበት ነበር? የከብት በረት ነበር? አመድ የሚደፋበት ነበር? ይህን ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም። እኛ መጽሐፍ ብንገልጥ አናገኘውም።

ከዚያ ቅጠሉን እዩ። ቢጫ የሆነው የታችኛው አሮጌ ቅጠል ነው ወይስ የላይኛው ለጋ ቅጠል? ናይትሮጅን ሲያንስ ተክሉ ካሮጌው ቅጠል እየወሰደ ለለጋው ይሰጣል። እናት ከራሷ አፍ ነጥላ ለልጇ እንደምታጎርስ ማለት ነው። ስለዚህ ታችኛው ቢጫ ይሆናል፤ ላይኛው አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ድኝ ወይም ብረት ሲያንስ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ለጋው ቀድሞ ይገረጣል።

ቅጠሉን በጣታችሁ ሻሹት። ቢጫ ዱቄት ጣታችሁ ላይ ከቀረ በሽታው ዋግ ነው። ቢጫ ዋግ በስንዴ ቅጠል ላይ እንደ ስፌት መስመር ተሰልፎ ይወጣል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2010 በኢትዮጵያ ቢጫ ዋግ ተነሥቶ ኩብሳና ገላማ የተባሉትን የስንዴ ዘሮች ክፉኛ ጎድቷል። ዋግን ማዳበሪያ አያድነውም። በነፋስ ስለሚሄድ የእናንተ ብቻ ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ቀን ለግብርና ሠራተኛው ንገሩ። ቶሎ ከተደረሰበት የሚረጭ መድኃኒት አለ። ለከርሞም ዋግን የሚችል ዘር ጠይቁ።

መካከለኛው ቅጠል ብቻ ደርቆ፣ ሲስቡትም በቀላሉ ተመዞ ከወጣ የቡቃያ ዝንብ ትል ውስጡን በልቶታል። ግንዱ ከአፈር ጋር እኩል ተቆርጦ ከወደቀ ቆራጭ ትል ነው፤ ቀን አፈር ውስጥ ተጠቅልሎ ይተኛል፤ ጫር ጫር ብታደርጉ ታገኙታላችሁ። በቅጠሉ ሥር ክሽክሽ መኖሩንም ገልብጣችሁ እዩ።

አሁን ሥሩን አውጡ

ቡቃያውን መንጭቃችሁ አትንቀሉት። ሥሩ ተበጥሶ አፈር ውስጥ ይቀራል። በመቆፈሪያ ከነአፈሩ አንሡትና ውኃ ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ እጠቡት። አንድ ከቢጫው ቦታ፣ አንድ ከደህናው ቦታ አውጥታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ጤነኛ ሥር ነጭ ነው፤ ረጅም ነው፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቅርንጫፍ አለው። የታፈነ ሥር ይጠቁራል፤ ይሸታል። ኮምጣጣ አፈር ውስጥ ያደገ ሥር ደግሞ አጭርና ወፍራም ይሆናል፤ ጫፉ ይደነዝዛል፤ ቀጫጭኑ ፀጉር የለውም። እኛ ያን ማታ ሥሩን በውኃ ብናጥበው ኖሮ 25 ኪሎው ዩሪያ ይተርፍ ነበር።

ውኃ ሲያፍነው

ዋልካ ጥሩ አፈር ነው። ምግብ አለው፤ ክረምቱ ካለፈ በኋላም እርጥበት ይይዛል። ችግሩ ውኃ ቶሎ አለማሳለፉ ነው። የአፈሩ ቀዳዳ ሁሉ በውኃ ሲሞላ አየር ይወጣል። አየር በሌለበት ደግሞ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረታት ናይትሮጅኑን ወደ ጋዝ ይለውጡታል። ወደ ሰማይ ይበናል። አያ የበተኑት ዩሪያ የሄደው በከፊል እንዲህ ነው፤ የቀረውን ጎርፍ ወሰደው። በውኃ በተኛ ማሳ ላይ ዩሪያ መበተን ገንዘብ መበተን ነው የምንለው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ውኃው ይውጣ። የጎጃም ገበሬ ፈሰስ ማውጣት ከአባቱ የወረሰው ሙያ ነው፤ እኛ አናስተምረውም። ነገር ግን አንድ ነገር በዓይናችን አየን። አያ በማግስቱ በንዴት ፈሰሱን ቁልቁል ቀጥ አድርገው አወጡት። ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለ። ውኃው ማሳቸውን ለቀቀ፤ ከታች ያለችውን የአንዲት እማወራ ጤፍ ግን ጠርጎ ወሰደው። ጤፉ ገና በቅሎ ሁለት ሳምንቱ ነበር። እማወራዋ ማታ ትምህርት ቤት መጡ። ደብተር ይዘው ሳይሆን እያለቀሱ መጡ። «የእርስዎ ስንዴ እንዲድን የእኔ ጤፍ ይሙት?» አሉ። አያ አንገታቸውን ደፉ። ያን ማታ ንባብ አልነበረም።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ማሳውን ዞረው አዩ። የሦስት ቤተሰብ ወሰን ላይ አንድ የጋራ ቦይ እንዲወጣ ተስማሙ። ቦዩ ቁልቁል ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ተዳፋቱን አገድሞ ቀስ ብሎ ይወርዳል። መጨረሻው የማንም ማሳ አይደለም፤ ሣር የበዛበት መስክ ነው። ሣር ጎርፍን ያበርደዋል፤ አፈሩንም ያስቀራል። በአንድ ቀን ደቦ ቦዩ ተቆፍሮ አለቀ። እኛም አብረን ቆፈርን፤ እጃችን ውኃ ቋጠረ። አያ ደግሞ ለእማወራዋ የጤፍ ዘር ሰጡ። ጊዜው ገና ስላላለፈ ጤፉ እንደገና ተዘራ።

ቀጥ ብሎ የሚወርድ ፈሰስ ጉዳቱ ለጎረቤት ብቻ አይደለም። ዛሬ አንድ ስንዝር የነበረው በጥቂት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። በሬ የማይሻገረው ገደል ሆኖ የቀረ ድሮ ፈሰስ የነበረ ቦታ በየሰፈሩ አለ። ውኃው ይሂድ እንጂ አይሩጥ።

ውኃው ከወጣ በኋላ ሳምንት ያህል ጠብቁ። አዲስ ነጭ ሥር ካወጣና ቅጠሉ አሁንም ከገረጣ ያን ጊዜ ጥቂት ዩሪያ ይጠቅማል። አፈሩ እርጥብ ይሁን፤ ውኃ ግን አይተኛበት። ቅጠሉ ላይ ጤዛ ወይም ዝናብ ካለ አትበትኑ፤ ዩሪያው ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ያቃጥላል።

የአያ ስንዴ ዳርዳሩ ዳነ። መካከሉ ሞተ። የሞተውን አረሱትና ክረምቱ ሲወጣ ሽምብራ ዘሩበት። ሽምብራ ዋልካው በያዘው እርጥበት ይደርሳል። ጓያም ይሆን ነበር። ግን ጓያ ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ከሆነ እግር ያሽመደምዳል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ሽምብራው ይሻላል ብለን እናምናለን።

ለከርሞ ደግሞ ሰፊ መደብ መሥራት ይቻላል። በሰሜን ሸዋ እነዋሪ ላይ ሴቶችና ልጆች ሳይቀሩ በእጃቸው አፈር እያነሡ መደብና ቦይ ሲሠሩ ኖረዋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ ኢልካ ይባል የነበረው የእንስሳት ምርምር ማዕከልና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ይህንኑ በበሬ የሚሠራ መሣሪያ አበጁ። መሣሪያው ሁለት የአገር ማረሻ አንድ ላይ ተያይዞ የተሠራ ነው። መደቡ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ስንዴው መደቡ ላይ ይበቅላል፤ ውኃው በቦዩ ይወርዳል።

አፈሩ ሲኮመጥጥ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ አፈሩ ቀይ እየሆነ ይሄዳል። ዝናቡም ይበዛል። በስናን በኩል አንድ የገብስ ማሳ አየን። ውኃ አልተኛበትም። ማዳበሪያ ተጨምሮበታል። ገብሱ ግን ቢጫና ድንክ ነበር። በመካከሉ አንድ ክብ ቦታ ብቻ እስከ ጉልበት ለምልሟል። ባለቤቱን ጠየቅናቸው። «እዚያ የእናቴ ቤት ነበር፤ ምድጃዋ እዚያ ነበር» አሉን። ለብዙ ዓመት አመድ የተደፋበት ቦታ ነው።

ይህ ትልቅ ምልክት ነው። አፈር እንደ ሎሚ ሊኮመጥጥ ይችላል። ቀምሳችሁ አታውቁትም፤ በምርመራ ይታወቃል። ብዙ ዝናብ አፈሩ ውስጥ ያለውን ኖራ እያጠበ ይወስዳል። እኛም አገዳውን ለከብት፣ ኩበቱን ለእሳት እንወስዳለን፤ ለአፈሩ የምንመልሰው ትንሽ ነው። ዩሪያና ዳፕም ለብዙ ዓመት ብቻቸውን ሲደረጉ ኮምጣጣነቱን ይጨምራሉ። አፈሩ በጣም ሲኮመጥጥ በውስጡ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና ሥሩን ይመርዛል። ፎስፈረስ የሚባለውን ምግብም አፈሩ አስሮ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ማዳበሪያ ቢጨመር ቡቃያው አያገኘውም። ገበሬው «ማዳበሪያው ተበላሽቷል» ይላል። ብዙ ጊዜ የተበላሸው አፈሩ ነው።

አፈሩ ምን ያህል እንደኮመጠጠ የሚነገረው ፒኤች በሚባል ቁጥር ነው። 7 መካከለኛ ነው። ከ5.5 ሲወርድ ገብስና ባቄላ ይቸገራሉ። ከማሳችሁ ከተለያየ ቦታ አፈር ወስዳችሁ፣ ቀላቅላችሁ፣ ከአንድ ኪሎ የማይበልጥ ለግብርና ሠራተኛው አስረክቡ። ቁጥሩን ሲነግሯችሁ በደብተራችሁ ጻፉት።

መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ገደሉ ላይ የሚታየው የኖራ ድንጋይ ነው፤ በደጀንም እየተፈጨ ለእርሻ ሲውል ቆይቷል። ግድግዳ የሚቀባው የተቃጠለ ኖራ ሌላ ነው፤ እሱ እጅና ዓይን ያቃጥላል። ኖራው የሚበተነው ቡቃያ ላይ አይደለም። ከዘር በፊት ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበት። መጠኑ በምርመራው ይወሰናል፤ ለአንድ ሄክታር 20 ወይም 30 ኩንታል የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ይህ ከባድ ነው፤ ማጓጓዣው ብቻ ብዙ ነው። ስለዚህ በአንድ ክረምት ሁሉንም ማሳ ለማዳን አትነሡ። በአንዱ ጥማድ ጀምሩ።

ኖራ እስኪገኝ አመድና ፍግ ይረዳሉ። አመድን ከዩሪያ ጋር አትቀላቅሉ፤ ናይትሮጅኑን አባርሮ ያስወጣዋል። ሰብል መለወጥም አንድ መንገድ ነው። የጮቄ ሰዎች እንግዶና ድንች የሚዘሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለቱም ኮምጣጣ አፈርን ከገብስ ይልቅ ይችላሉ። ግብጦም እንዲሁ። ግብጦ ደግሞ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለአፈሩ ያስቀምጣል። አንዳንድ ሰው ተስፋ ቆርጦ ማሳውን በባሕር ዛፍ ይሞላዋል። እኛ አንፈርድበትም፤ ባሕር ዛፍ ይሸጣል። ግን መጀመሪያ አፈሩን ያስመርምር።

ከረጢቱን አንብቡ

ውኃ ካልተኛበት፣ ሥሩ ነጭ ከሆነ፣ ትልም ዋግም ከሌለ፣ የታችኛው ቅጠልም ቢጫ ከሆነ የቀረው ናይትሮጅን ማነስ ነው። ያን ጊዜ ዩሪያ መድኃኒት ነው። የማዳበሪያውን ከረጢት ገልብጡ። አሁን ቁጥር ታነባላችሁ። በዩሪያ ከረጢት ላይ 46 የሚለው በ100 ኪሎ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ ማለት ነው። ዳፕ ላይ 18 እና 46 ይላል፤ ናይትሮጅኑ 18ቱ ነው።

እንዲያም ሆኖ ከረጢቱን በአንድ ጊዜ አትድፉት። በቢጫው ቦታ ላይ 5 ሜትር በ5 ሜትር ለኩ። በአራት ማዕዘኑ ችካል ትከሉ። ሩብ ኪሎ ዩሪያ እኩል አድርጋችሁ በትኑበት። ይህ ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ እንደማለት ነው። ቀኑን በደብተር ጻፉ። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቀን ጠብቁ። በችካሉ ውስጥ ያለው ከውጭው ይልቅ ካረነጓደ የቀረውን በትኑ። ካልተለወጠ ያጠፋችሁት ሩብ ኪሎ ብቻ ነው።

ከንባብ በኋላ ተነጋገሩ

1. የአያ ስንዴ ቢጫ የሆነው ለምን ነበር? ተማሪዎቹ የተሳሳቱት የት ላይ ነው?

2. በእናንተ ሰፈር የማን ፈሰስ የማን ማሳ ላይ ይወርዳል? የጋራ ቦይ ቢወጣ በየት በኩል ይሆናል?

3. በማሳችሁ ቢጫ ቦታ ያላችሁ ነገ ማታ ስትመጡ ሁለት ቡቃያ ከነሥሩ አጥባችሁ አምጡ። አንዱ ከቢጫው፣ አንዱ ከደህናው ይሁን።